የዘገየው ደብዳቤ፤ የሳሙኤል ሞርስ ሕይወትና የኔትወርክ ትምህርት

ባለፈው ክረምት አጎቴ በገጠር ሳለ በድንገት ዐረፈ። መርዶው ለእናቴ የደረሳት ግን በሦስተኛው ቀን ነበር። በዚያ ሰሞን በአካባቢው የስልክ ኔትወርክ ጠፍቶ ስለ ነበረ ዘመዶቻችን ደጋግመው ቢሞክሩም አልተሳካላቸውም። እናቴም ለወንድሟ ቀብር ሳትደርስ ቀረች። ከለቅሶው ከተመለሰች በኋላ አንድ ቀን ማታ ቡና አፍልታ ተቀምጣ ሳለ፣ ኔትወርክ ጠፋ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ፣ የሚጠፋውስ ነገር ምን እንደ ሆነ እንድነግራት ጠየቀችኝ። እኔም የኮምፒዩተር ትምህርት የምማር ነኝና በኩራት ጀመርሁ። ነገር ግን ከአፌ የወጡት ቃላት ሁሉ ለፈተና የሸመደድኋቸው ስለ ነበሩ፣ እሷ ቀርቶ እኔ ራሴ ነገሩ እንዳልገባኝ በዚያች ማታ ዐወቅሁ።

ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር ብዬ የመገናኛን ታሪክ ማንበብ ያዝሁ። በንባቤም መካከል ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሳበው የአሜሪካዊው የሳሙኤል ሞርስ ሕይወት ነው። ዛሬ ስለ ኮምፒዩተር ኔትወርክ የምንማረው ነገር መሠረቱ በዚህ ሰው ሥራ ውስጥ በግልጥ ይታያል፤ ደግሞም የእናቴን ኀዘን የሚመስል ኀዘን ደርሶበታል። የሕይወቱን ታሪክ ስተርክ ኔትወርክ ምን እንደ ሆነ በመንገዴ ላይ ለጀማሪዎች ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳሙኤል ሞርስ በቦስተን አጠገብ በምትገኘው በቻርልስታውን ከተማ ሚያዝያ 27 ቀን 1791 ተወለደ። አባቱ ጄዲዳያ ሞርስ ሰባኪ ሲሆን፣ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የታወቁ የጂኦግራፊ መጻሕፍትን የጻፈ ሰው ነበር። ልጁ በዬል ኮሌጅ ተምሮ በ1810 ተመረቀ። በዚያም ስለ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ትምህርት ሰምቷል፤ ዳሩ ግን ልቡ ያደረው በሥዕል ላይ ስለ ነበረ በ1811 ወደ ለንደን ሄዶ የሥዕልን ጥበብ አጠና። በ1815 ወደ አገሩ ተመልሶ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ የሰዎችን መልክ በመሣል ይተዳደር ጀመር። በ1818 ሉክሬሺያ ዎከር የምትባለውን ወጣት አገባ።

በ1825 ትልቅ ዕድል ገጠመው። የኒው ዮርክ ከተማ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት የተዋጋውን የፈረንሳዩን ጀግና የላፋዬትን መልክ እንዲሥል መረጠው። ለዚሁ ሥራ ወደ ዋሽንግተን ሄደ፤ ሚስቱም ሦስተኛ ልጃቸውን ወልዳ በኒው ሄቨን ከተማ ቀርታ ነበር። የካቲት 7 ቀን በድንገት ሞተች። አባቱ ወዲያው ደብዳቤ ጻፈለት፤ ነገር ግን በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ 480 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ ደብዳቤውም የሚጓዘው በፈረስ በሚጐተት ሠረገላ ነበር። ሞርስ ምንም ሳያውቅ በሕይወት እንዳለች ሁሉ ደብዳቤ ይጽፍላት ነበር። መርዶው ደርሶት እየገሰገሰ ኒው ሄቨን ሲገባ ሚስቱ ተቀብራ ቈይታለች።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ረዥም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ የቀረውን ታሪክ ሁሉ በጥሞና አዳመጠችኝ።

ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። በዚያን ዘመን ወሬ ከተሸካሚው ቀድሞ ሊደርስ አይችልም ነበር፤ ፈረሱ ሲደክም ወሬውም ይደክማል። በእርግጥ በፈረንሳይ አገር ከ1794 ጀምሮ በኮረብታ ላይ በተሠሩ ማማዎች ምልክት እየታየ ከማማ ወደ ማማ መልእክት ይተላለፍ ነበር። የእኛም አገር ገበሬ በሸለቆ ማዶ ያለውን ጎረቤቱን ከጉብታ ላይ ሆኖ ሲጣራ፣ ያም የሰማውን ለሚቀጥለው ጉብታ ሲያቀብል ማየት የተለመደ ነው። ነገር ግን ጉም ሲወርድና ሌሊት ሲሆን የማማው ምልክት አይታይም፤ ነፋስም ሲበረታ የገበሬው ድምፅ አይሰማም።

ሞርስ ሚስቱን ካጣ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1832፣ በአውሮፓ ቈይቶ ሱሊ በምትባል መርከብ ወደ አሜሪካ ይመለስ ነበር። በመርከቧ ላይ ቻርልስ ጃክሰን የሚባል የሕክምና ሰው ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ማግኔት ሲያወራ ሰማ። ኤሌክትሪክ በረዥም ሽቦ ውስጥ በቅጽበት የሚያልፍ ከሆነ፣ በሌላው ጫፍ ምልክት እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላል ብሎ አሰበ፤ በማስታወሻ ደብተሩም ላይ ንድፍ ይነድፍ ጀመር። ሐሳቡን ኀዘኑ ብቻ ወለደው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን የዘገየ ደብዳቤ ምን ያህል እንደሚጐዳ ከእሱ ይልቅ የሚያውቅ ሰው በዚያች መርከብ ላይ የነበረ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ዘመን የችግር ዘመን ነበር። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሥዕል አስተማሪ ሆኖ ቢሾምም ገቢው እጅግ አነስተኛ ስለ ነበረ፣ በዚያው በሚሠራበት ክፍል እያበሰለና እየተኛ ይኖር ነበር። የመጀመሪያውን መሣሪያ የሠራው የሥዕል ሸራ በሚወጠርበት የእንጨት ፍሬም ላይ ነው። ሠዓሊ በእጁ ያለውን ይዞ ጀመረ ማለት ነው።

ሆኖም የእሱ ምልክት ሽቦው ጥቂት ሜትር ካለፈ በኋላ ይደክምና ይጠፋ ነበር። በዚህ ጊዜ የኬሚስትሪ አስተማሪ የነበረው ሌናርድ ጌል ረዳው። ጌል፣ ጆሴፍ ሄንሪ የሚባለው የፊዚክስ ሊቅ ቀደም ብሎ ያሳተመውን ጥናት ያውቅ ስለ ነበረ ባትሪው እንዲበረታ፣ የማግኔቱም ጥምጥም ሽቦ እንዲበዛ አደረገ። በዚህም ምልክቱ 16 ኪሎ ሜትር በሚያህል ጥቅል ሽቦ ውስጥ አለፈ። ከዚህም ጋር ትልቅ ቁም ነገር የሆነው የቅብብል ዘዴ ተጨመረ። ይኸውም የደከመው ምልክት ራሱ ሩቅ እንዲሄድ ከመገፋት ይልቅ፣ አዲስ ባትሪ ያለውን ሁለተኛ መስመር እንዲከፍትና እንዲዘጋ ማድረግ ነው።

እንግዲህ ሁለተኛው ትምህርት ይህ ነው። በትምህርት ቤታችን የስፖርት ቀን የዱላ ቅብብል ስንሮጥ አንዱ ሯጭ ሙሉውን ዙር አይጨርስም፤ ሳይደክም ዱላውን ለትኩሱ ሯጭ ያስረክባል። የዛሬውም ኔትወርክ እንደዚሁ ነው። የእጅ ስልካችን ወደ ሩቅ አገር በቀጥታ አይጣራም፤ በቅርብ ወዳለው ማማ በሬድዮ ሞገድ ያስተላልፋል፤ ማማው ለሌላ ጣቢያ ያቀብላል፤ ያም ለሚቀጥለው። ለእናቴም ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ከዚህ ተገኘ። ኔትወርክ ጠፋ ሲባል በአየር ላይ የተነነ ነገር የለም። ከቅብብሉ ሯጮች አንዱ፣ በመብራት መቋረጥ ወይም በመስመር መበጠስ፣ ዱላውን ሳይቀበል ቀረ ማለት ነው።

በ1837 አልፍሬድ ቬይል የሚባል ወጣት በሥራው ገባ። የአባቱ የብረት ፋብሪካ ስለ ነበረ ገንዘብም የእጅ ጥበብም አመጣ። በመጀመሪያ ሞርስ ያሰበው ለእያንዳንዱ ቃል ቁጥር ሰጥቶ፣ ተቀባዩ ቁጥሩን ከመዝገበ ቃላት እንዲፈልግ ነበር። በኋላ ግን ይህ ቀርቶ ለእያንዳንዱ ፊደል የነጥብና የሰረዝ ምልክት ተሰጠ። አዘውትሮ የሚመጣው ፊደል አጭር ምልክት፣ አልፎ አልፎ የሚመጣው ረዥም ምልክት አገኘ። በእንግሊዝኛ አብዝቶ የሚገኘው «ኢ» የሚባለው ፊደል አንዲት ነጥብ ብቻ ነው። እኛም በቤታችን አዘውትረን የምንጠራውን ልጅ ስሙን አሳጥረን እንጠራው የለምን? ኮምፒዩተርም ፊደሉንም ሥዕሉንም ድምፁንም ወደ ሁለት ምልክቶች፣ ወደ 0 እና ወደ 1 ለውጦ ያስተላልፋል። አምፑልን ማብራትና ማጥፋት የሚችል ሰው ሁሉ ፊደሉን ከተስማማበት ደብዳቤ መላክ ይችላል።

ሞርስ የአሜሪካን መንግሥት ገንዘብ ለማግኘት ብዙ ዓመት ደጅ ጠና። በ1843 ጉዳዩ በምክር ቤቱ ሲቀርብ፣ ከተወካዮቹ አንዱ ገንዘቡ ተከፍሎ ሰውን በእጅ እንቅስቃሴ ለሚያስተኙ ሰዎች ጥናትም ይሰጥ ብሎ አሾፈበት። ሆኖም በ89 ድምፅ ለ83 አለፈ፤ ከዋሽንግተን እስከ ባልቲሞር መስመር እንዲዘረጋ 30,000 ዶላር ተፈቀደ። መጀመሪያ ሽቦውን በእርሳስ ቱቦ አድርገው በመሬት ውስጥ ቀበሩት። ነገር ግን የሽቦው ሽፋን ብልሹ ስለ ነበረ ምልክቱ እየሾለከ ጠፋ፤ ከገንዘቡም ብዙው ባከነ። በዚህ ጊዜ ሽቦውን በእንጨት ምሰሶ ላይ ሰቀሉት። ወደ 61 ኪሎ ሜትር የሚያህለው መስመር ተፈጽሞ ግንቦት 24 ቀን 1844 ሞርስ በዋሽንግተን ምክር ቤት ሕንፃ ተቀምጦ፣ ከኦሪት ዘኍልቍ የተወሰደ አጭር ቃል በባልቲሞር ለነበረው ለቬይል ላከ። ቃሉን የመረጠችለት የአንድ ወዳጁ ልጅ አኒ ኤልስዎርዝ ናት። ቬይልም የተቀበለውን መልሶ ላከው።

መልሶ መላኩ ታላቅ ነገር ነው፤ ይህም ሦስተኛው ትምህርት ነው። ላኪው መልእክቱ መድረሱን የሚያውቀው ተቀባዩ ሲመልስለት ነው። በአገራችን ሰው ሲጠራ አቤት ይላል፤ ጠሪውም አቤት ሲባል ሰምቶ ጉዳዩን ይቀጥላል። አቤት የሚል ከሌለ ደግሞ ይጣራል እንጂ ጉዳዩን ለባዶ ሜዳ አያወራም። ሁለት ኮምፒዩተሮችም ከመነጋገራቸው በፊት አንዱ ይጣራል፣ ሁለተኛው አቤት ይላል፣ የመጀመሪያውም መስማቱን አረጋግጦ ይጀምራል። ይህን የመሰለው ስምምነት ፕሮቶኮል ይባላል፤ የመሣሪያዎች የሰላምታ ሥርዓት ነው ብንል አንሳሳትም። መንግሥታትም ይህንኑ ስላወቁ በ1865 ሃያ አገሮች በፓሪስ ተሰብስበው የዓለም አቀፍ ቴሌግራፍ ማኅበርን አቋቋሙ። ማኅበሩ በኋላ ስሙን ወደ ቴሌኮሙኒኬሽን ለውጦ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ኢትዮጵያም በ1932 አባል ሆናለች።

የሞርስ ቴሌግራፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አሜሪካን አዳረሰ። በ1857 የአትላንቲክን ውቅያኖስ በገመድ ለማገናኘት ሲሞከር ሞርስ ራሱ በመርከቧ ላይ ነበር፤ ያን ጊዜ ገመዱ ተበጠሰ። በ1858 ተሳክቶ የእንግሊዝ ንግሥት የላከችው 98 ቃል ብቻ ያለው መልእክት አልቆ እስኪደርስ ከግማሽ ቀን በላይ ፈጀ፤ ገመዱም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዝም አለ። የሚጸና መስመር የተገኘው በ1866 ነው። በዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ቧንቧ ስንከፍት የመጀመሪያዋ ጠብታ እስክትመጣ የምንጠብቀው ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ጀሪካኑ እስኪሞላ የሚወስደው ጊዜ ሌላ ነው። በቀጭኑ ቧንቧ ጠብታዋ ቶሎ ብትመጣም ጀሪካኑ አይሞላም። የኔትወርክም ፍጥነት እንዲሁ በመዘግየቱና በስፋቱ ይለካል። ዛሬ በአህጉራት መካከል የሚተላለፈው አብዛኛው መልእክት በባሕር ወለል ላይ በተዘረጋ የብርሃን ገመድ ያልፋል። መንገዱ ያው የ1866ቱ ዓይነት ነው፤ የሰፋው ቧንቧው ነው።

ወደ አገራችንም በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ፣ ከሐረር ወደ አዲስ አበባ የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ተዘርግቷል። ስልክ የምንለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ሽቦ ማለት ነው።

የሰው ታሪክ ሲጻፍ ጉድለቱም መነገር አለበት። ሞርስ ብቻውን የፈጠረው አይደለም፤ የሄንሪ ጥናት፣ የጌል ምክር፣ የቬይል እጅ አለበት። እንግሊዞቹ ኩክና ዊትስቶንም በ1837 የራሳቸውን ቴሌግራፍ ሠርተዋል። ሞርስ ግን በ1855 ባሳተመው ጽሑፍ የሄንሪን ውለታ ካደ። በኤሌክትሪክ ከርቀት መጻፍ በጠቅላላው የእኔ ነው ያለውንም ሰፊ መብት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1854 አልተቀበለውም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ወደ አሜሪካ የሚሰደዱትን ካቶሊኮች መጥላቱና ባርነትን ደግፎ መጻፉ ነው። ከተማን ከከተማ ያገናኘ ሰው ሰው ሁሉ እኩል መሆኑን ለማየት አለመቻሉ ለእኛ ለተማሪዎች ማስጠንቀቂያ ሊሆነን ይገባል። ዕውቀት ብቻውን ልብን አያቀናም።

በሰኔ 1871 የቴሌግራፍ ሠራተኞች በኒው ዮርክ ሐውልት አቆሙለት። በዚያው ምሽት ለሁሉም የመሰናበቻ መልእክት ተላለፈ፤ ሽማግሌውም በእጁ ስሙን ብቻ በነጥብና በሰረዝ መታ። ሚያዝያ 2 ቀን 1872 በሰማንያ ዓመቱ ዐረፈ።

የሞርስ መስመር አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረው። መልእክቱ የሚሄደው በአንድ ሽቦ ስለ ነበረ ሽቦው ከተበጠሰ ሁሉም ይቆማል። ይህን የፈቱት በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ፖል ባራንና ብሪታንያዊው ዶናልድ ዴቪስ፣ እርስ በርስ ሳይማከሩ ባገኙት አንድ ሐሳብ ነው። አንድ ወፍራም መጽሐፍ ወደ ሌላ ከተማ መላክ ፈለግን እንበል። መጽሐፉን በአንድ ሰው በማስያዝ ፈንታ ገጾቹን ፈትተን፣ በእያንዳንዱ ላይ የተቀባዩን የፖስታ ሣጥን ቁጥርና የገጹን ቁጥር ጽፈን፣ ለብዙ መንገደኞች እናድላለን። አንዱ በአውቶቡስ፣ ሌላው በባቡር፣ ሌላውም በበቅሎ ይሄዳል። በየመስቀለኛው መንገድ የቆመው መሪ ገጹን አያነብም፤ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ወደ ክፍቱ መንገድ ያመለክታል። ተቀባዩ ገጾቹን በተራ ያስተካክላል፤ 47ኛው ገጽ ቢጐድል 47ኛው ድገሙልኝ ብሎ ይጠይቃል። ገጹ ፓኬት፣ የሣጥኑ ቁጥር የኢንተርኔት አድራሻ፣ በመስቀለኛ መንገድ የቆመው መሪ ራውተር ይባላል። በዚህ ሐሳብ የተሠራው አርፓኔት የተባለው ኔትወርክ ጥቅምት 29 ቀን 1969 በካሊፎርኒያ የመጀመሪያውን መልእክት ሲልክ፣ ከታሰቡት አምስት ፊደሎች ሁለቱ ብቻ እንደ ደረሱ መሣሪያው ቆመ። ያም ጅማሬ እንደ ሞርስ የተቀበረ ሽቦ በውድቀት የተጀመረ ነው።

እንግዲህ ለእናቴ ሁለተኛውን መልስ ሰጠኋት። መንገዱ ብዙ በሆነበት ስፍራ አንዱ ቢዘጋ ወሬው በሌላው ይዞራል፤ ወደ አጎቴ አገር የሚሄደው መንገድ ግን አንድ ብቻ ስለ ሆነ፣ እሱ ሲዘጋ ሁሉም ዝም አለ። እሷም ትንሽ አሰበችና፣ እንዲያ ከሆነ ሁለተኛውን መንገድ የሚሠራው ማን እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። ለዚህ ከመጽሐፍ ያነበብሁት መልስ አልነበረኝም።

ውድ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፤ ይህን ጥያቄ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ከመካከላችን ኢንጂነር የሚሆን፣ መስመር የሚዘረጋ፣ ማማ የሚጠግን ይኖራል። ያ ሰው በሥራው ላይ ሳለ በሽቦው ወዲያ ማዶ ወንድሟን ሳትቀብር የቀረች እህት፣ ደብዳቤ ዘግይቶበት ሚስቱን ያላያት ባል እንዳሉ ያስብ። ሁለተኛውን መንገድ መሥራት የእኛ ፈንታ ነው።